ቀና ብላ የቆመችው ልጅ

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ቤዛ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። እኔም በወጣትነቴ የተማርኩት እዚያው ግቢ ነውና «አክስቴ፣ አንቺ ካልመጣሽ ጋዋኑንም አልለብስም» ብላ ድርቅ አለች። ምን ይደረጋል፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ፣ ጭቃውን እየረገምኩ ሄድኩላት። ከመገናኛ ጀምሮ መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። አበባ ሻጮች እቅፋቸውን በታክሲው መስኮት እያስገቡ «ለተመራቂ! ለተመራቂ!» ይላሉ። ወላጅ ሁሉ የአገር ልብሱን ለብሶ፣ ጃንጥላ ስር ተጠጋግቶ፣ የሰርግ አጃቢ ነው የሚመስለው።

ዝናቡ ሲያባራ ቤዛ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ልትነሳ ሮጠች። እኔ ደግሞ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ወደሚያሳዩበት ድንኳን ጠጋ አልኩ። አንድ ጸጉሩን ያጎፈረ ልጅ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ ቆሟል። «ማዘር፣ ይሄ ቶታል ስቴሽን ይባላል። ቀያሾች መሬት የሚለኩበት ነው። ማየት ይፈልጋሉ?» አለኝ በትህትና። ዕድሜዬን ሙሉ በቀያሽነት እንጀራ መብላቴን በምን ይወቅ! ዓይኔን ወደ መነጽሩ ላስጠጋ ጎንበስ እንዳልኩ የመሣሪያውን እግር ጨብጬ ቀረሁ። ልጁ እርጅና መስሎት ክንዴን ደገፍ አደረገኝ። እርጅና አልነበረም። መነጽሩ የዞረው ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ነበር።

በኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አይባልም። ከኛ በፊት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር፤ አንድ የቆርቆሮ ወርክሾፕና ጥቂት ክፍሎች። እኛ ስንገባ ኮሌጅ ተባለ፣ ኋላ ኢንስቲትዩት ሆነ፣ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ። ስሙ በተቀያየረ ቁጥር የበሩ ቀለም ይታደሳል እንጂ የካፌው ሽሮ ያው ነው እያልን የድሮ ተማሪዎች እናሾፋለን። ከዚያ ግቢ የወጣ ሰው ግን ይህችን ከተማ በእጁ ሠርቷታል። ኦሎምፒያ ካሉት ፎቆች የስንቱን መሠረት የለካው የኛ ልጅ ነው! ወሎ ሰፈር ጋራዥ የከፈተ አለ፣ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከስሩ ልብስ የሚሸጥም አለ። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ሙያችን አይደለም፤ ስለ ረሃባችንና ስለ መምህሮቻችን ነው። እኔና ታምራት ስንገናኝ ግን ጥቂት ስቀን ወሬ እንቀይራለን።

ታምራት የቅየሳ ጓዴ ነበር። በክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አብሮኝ የሚመደብ ሲጠፋ፣ «እኔ እወስዳታለሁ፤ ቢያንስ ዳቦ በማርማላታዋን ታካፍለኛለች» ብሎ ገባልኝ። አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ወርቅ ነው። የምንሠራበት መሣሪያ ቲዎዶላይት የሚሉት፣ ያኔም ያረጀ ነበር። የዚህ መሣሪያ ነገሩ፣ በመነጽሩ ሲያዩ ዓለም ይገለበጣል። ብልሽት እንዳይመስላችሁ፤ አሠራሩ ነው። ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ፣ ዛፉ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። ታምራት ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባውን ዘንግ ይዞ ማዶ ሲቆም እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቆ ነበር የማየው። የመጀመሪያ ሰሞን ያዞራል፤ ቁርስ የበላን ሰው ያቅለሸልሻል። ኋላ ዓይን ይለምዳል። እንዲያውም ከመሣሪያው ቀና ሲሉ ዓለሙ የተሳሳተ ይመስላል። መምህራችን ጋሽ ወርቁ ከራሳቸው ላይ የማትወርድ ጥቁር ቆብ ነበረቻቸው፤ እሷን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ቀያሽ ማለት የተገለበጠውን አይቶ የቀናውን የሚያውቅ ሰው ነው» ይሉን ነበር።

ግቢው ያኔ የከተማው ጫፍ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጤፍና ሽምብራ፣ ከራሳችን በላይ ደግሞ ቦሌ ሊያርፉ የሚንደረደሩ አውሮፕላኖች። ኮሌጁ አዲስ ወርክሾፕ የሚሠራበት መሬት ተሰጥቶት ነበርና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ልምምዳችንን እዚያው እንድናደርግ፣ ችካሉንም እንድንተክል ታዘዝን። ገበሬዎቹ ምትክ መሬት ተቀብለው ሄደዋል። የቀረችው አንዲት ጎጆ ብቻ ነበረች፣ የእማማ ጫልቱ። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ቄሱም መጡ። መልሳቸው አንድ ነው። «ዲንቄ የምታውቀው ይህን ቤት ነው። ብትመጣና ብታጣኝ ወዴት ትሄዳለች?» ዲንቄ አንድ ልጃቸው ናት። እኛ ከመምጣታችን ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ ክፉ ክረምት፣ ጥጃ ልታስገባ እንደወጣች ቀርታለች። በዚያ ሰሞን አንድ ጎረምሳ ዓይኑን ጥሎባት ስለነበር አገሩ ሁሉ «ተጠለፈች» አለ። ጎረምሳው ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው! አገር ለቆ ጠፋ፤ መጥፋቱም ወሬውን አጸናው። እማማ ጫልቱም አንድ ቀን ልጅ አዝላ ትመጣለች ብለው በሩን ሲያዩ ኖሩ። እንግዲህ የሞተን ይቀብሩታል፤ የጠፋን ምን ያደርጉታል?

እኛን ግን አልጠሉንም። ቤታቸውን የሚያፈርሰውን ችካል የምንተክል እኛ ሆነን ሳለ፣ ረፋድ ላይ ጭኮ በቅጠል ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ። ገብሱ በቅቤ ርሶ፣ ጣት ላይ የሚቀረው ሽታ እስከ ማታ አይለቅም። «በሞቴ ብሉ፣ ከሲታዎች!» ይሉናል። እኔን ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነበር የሚሉኝ። ታምራት «እኔስ፣ እማማ?» ሲላቸው «አንተማ ሆድ ነህ» ብለው ይስቃሉ። ሲስቁም አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

ከጎጆዋ ፊት ለፊት፣ ሜዳው መሃል፣ አንዲት የቀጋ ቁጥቋጦ ነበረች። የዚያች ቁጥቋጦ ዙሪያ ሣሩ ለምለም ነው፤ የእማማ ጫልቱ ላሞች ግን አይነኩትም። እስከ አፋፉ ይግጡና ዞር ብለው ይሄዳሉ። ወፍም አርፎባት አላየሁም። ይህን ሁሉ ያኔ አላስተዋልኩም፤ ከነገሩ በኋላ ነው አንድ በአንድ የመጣልኝ። ሰው እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ያየውን ልቡ የሚቀበለው ዘግይቶ ነው።

ጥቅምት ገብቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጭጋግ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ እስኪበረታ የራስን እግር ማየት ያስቸግራል። አንድ ማለዳ ታምራት ዘንጉን ይዞ ወደ ማዶ ሄደ፤ እኔ መሣሪያውን አስተካክዬ ቀጋዋን መነሻ ላደርግ አነጣጠርኩ። ጭጋጉ ሳሳ አለ። ቀጋዋ እንደ ወትሮው ተገልብጣ ታየችኝ። ከአጠገቧ ሰው ቆሟል። አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ ወይባ የመሰለ ቀሚስ፣ በወገቧ መቀነት። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታለች፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው። ፊቷ ወደ ጎጆዋ ዞሯል። «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ብዬ ዓይኔን ከመነጽሩ አነሳሁ። ሜዳው ባዶ ነው። ተመልሼ አየሁ። አለች።

ያኔ ነው ምኑ እንዳስደነገጠኝ የገባኝ። ሰማዩ ከታች ነው። ቀጋዋ ተንጠልጥላለች። ጎጆዋ በጣሪያዋ ቆማለች። ሴቲቱ ግን ቀና ብላ ቆማለች! በዚያ መነጽር ቀና ብሎ የታየ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሊታይም አይችልም። ደግሞ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ አልወረደም። ወደ ላይ ቆሞ፣ የሆነ እጅ እንደሚስበው ቀጥ ብሏል። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ጭጋጉ መለስ ሲል ጠፋች።

ታምራት ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ዘነበች፣ ቁርስ ሳትበዪ መውጣት ተዪ ብዬሻለሁ» አለ። እሱ ሲያይ ምንም የለም። ተናድጄ ጋሽ ወርቁን ጠራሁ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ጀርባቸው እንደ እንጨት ሲደርቅ አይቻለሁ። ቀና ሲሉ መሐረባቸውን አወጡና «ሌንሱ ጭጋግ ይዟል፤ ጥረጊው» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል መሣሪያውን እንዳዞር አልፈለጉም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ሌሎቹ ማለዳዎች ግን አልለቀቁኝም። ጭጋግ በወረደ ቁጥር አንገቴ ሳልፈልግ ወደ መነጽሩ ይወርዳል፤ እሷም በቦታዋ አለች፣ እጇን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ እናቷ ቤት አድርጋ። ማን እንደሆነች የነገረኝ የለም። አወቅኋት እንጂ።

በዚህ መሃል ሊቀመንበሩ ቁርጡን ተናገረ። ግሬደሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፣ እማማ ጫልቱ በፈቃዳቸው ካልወጡ ጎጆዋ ላያቸው ላይ ትፈርሳለች። እሳቸው ሲነገራቸው ወደ በራቸው ሄደው ደፉ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን መቃኑ ላይ አደረጉ። ሴትየዋ እዚያው ይሞታሉ እንጂ አይወጡም፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነበር። ጭኮአቸውን እየበላን ችካላቸውን የተከልነው እኛው ነን።

በማግስቱ ማለዳ ታምራትን «አንተ መሣሪያው ጋ ሁን፤ ዘንጉን እኔ እይዛለሁ» አልኩት። «የት ልትሄጂ?» «ቀጋዋ ጋ። በእጅህ ምራኝ።» ቀያሾች ስንርቅ በድምፅ አንግባባም፤ መሣሪያው ጋ ያለው እጁን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ዘንግ የያዘውን ይመራል። ታምራት «እሺ የኔ ጠንቋይ» ብሎ አላገጠና ጎንበስ አለ።

ጭጋጉን እየከፈልኩ ሄድኩ። ጤዛው ጫማዬን አልፎ ካልሲዬን አራሰው። ወደ ቀጋዋ ስቀርብ የአገሩ ድምፅ ሁሉ ቆመ፤ የላሞቹ ቃጭል፣ የአውሮፕላኑ ጉርምርምታ፣ የራሴ ትንፋሽ ሳይቀር ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ዞሬ ሳሳ ባለው ጭጋግ ውስጥ ታምራትን አየሁ። ቀኝ እጁን አወዛወዘ፤ ወደ ቀኝ ራመድኩ። ግራውን አወዛወዘ፤ ትንሽ ተመለስኩ። ከዚያ ሁለቱም እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ቁም ማለቱ ነው ብዬ ዘንጉን መሬት ላይ ተከልኩ። ዘንጉ ጫፉ ብረት ነው፤ በጥቅምት የደረቀ መሬት በግድ ነው የሚገባለት። ያን ቀን ግን ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ሰመጠ። ሰመጠ፣ ሰመጠ፣ እጄን ይዞኝ ሊወርድ ሲል ለቀቅኩት። ከስር ቀዝቃዛ የጭቃ ሽታ ወጣ።

ታምራት ሲሮጥ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ትከሻዬን ያዘና ከቦታው ጎትቶ አወጣኝ። «ሁለት ነበራችሁ» አለ በመጨረሻ። «ምን?» «ሁለት ነበራችሁ፣ ዘነበች። አንቺ ተዘቅዝቀሽ ነበር። እሷ አጠገብሽ ቀና ብላ ቆማ ነበር። እጇ ሊነካሽ ነበር።»

ጋሽ ወርቁ የሰመጠውን ዘንግ ሲያዩ የግቢውን ሠራተኞች አካፋና ዶማ አስይዘው አመጡ። ማንም የማያስታውሰው የድሮ የውሃ ጉድጓድ ነበር። አፉን ክረምት በጭቃ ደፍኖት፣ ላዩ ላይ ሣር በቅሎበት ኖሯል። ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው በግድ የሚያስገባ። ብዙም ሳይቆፍሩ አንዱ ሠራተኛ «ያዙኝ፣ ያዙኝ» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ጭቃው ውስጥ የብር አልቦ አብለጨለጨ። አልቦው ባዶ አልነበረም፤ የእግር አጥንት ላይ ነበር።

ሠራተኛው ወደ ጋሽ ወርቁ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ እግሯ ነው ከላይ ያለው። በጭንቅላቷ ነው የወረደችው» አላቸው። ጋሽ ወርቁ ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቁበት ድምፅ ነበር፤ ሌላ የሚናገሩበት አልነበራቸው ይሆናል። «ዘነበች፣ መነጽሩ ምን ያደርጋል?»

«ይገለብጣል።»

«እንግዲህ» አሉ።

ዓለሙን ሁሉ በሚገለብጥ መነጽር ቀና ብሎ የሚታይ ሰው፣ በእውነቱ ተዘቅዝቆ ያለ ሰው ነው። ወደ ላይ ቆሞ ያየሁት ሹሩባ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነበር። ያ እንደ ጥሪ የተዘረጋው እጅ ጥሪ አልነበረም፤ የጉድጓዱን ወለል የሚፈልግ እጅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እንዲያ ሆና፣ ከእናቷ በር የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ! እዚያው ቁጭ ብዬ ፊቴን በእጆቼ ሸፈንኩ።

እማማ ጫልቱ መጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። አልቦውን ተቀብለው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ደጋግመው ጠረጉት። የሚያለቅሱ መስሎን ነበር፣ አላለቀሱም። ታምራት ሲንተባተብ የነገራቸውን ሰምተው ወደኔ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ አይታታለች ይለኛል ይሄ ልጅ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«እንዴት ነበረች? ወድቃ ነበር?»

ታምራት አንገቱን ደፋ። ጋሽ ወርቁ ያችን የማትወርድ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ሁለቱም የመነጽሩን ነገር ያውቃሉ። ሦስታችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን አያውቁም።

«አልወደቀችም» አልኳቸው። «ቀና ብላ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ ቤትዎ አዙራ፣ እጇን አንስታ፣ እንደሚጣራ ሰው።»

እማማ ጫልቱ ጎጆዋን አዩ፤ ከዚያ ጉድጓዱን አዩ። በመካከሉ ያለውን መንገድ በዓይናቸው ለኩት። «እንግዲያው እየመጣች ነበር» አሉ። «ወንድ አልወሰዳትም። ወደኔ እየመጣች ነበር።» ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። አገሩም አብሮ አለቀሰ፤ ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ስለነበር ቶሎ አላቆመም።

ዲንቄ በወግ ተቀበረች። እማማ ጫልቱም ከአርባዋ በኋላ ማንም ሳያስገድዳቸው እቃቸውን ጭነው ከላምበረት ማዶ ወዳሉት ዘመዶቻቸው ሄዱ። ሲሄዱ የጎጆዋን በር ክፍት አልተዉትም፤ ዘግተው፣ በገመድ አስረው ነው የወጡት። ስሙ የጠፋው ያ ጎረምሳ ግን የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የተፈረደበትን ፍርድ የሚያነሳለትም አልነበረም። ጋሽ ወርቁ የወርክሾፑን መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ስበው ያችን ቦታ ባዶ አስቀሯት። ጉድጓዱ በድንጋይ ሞልቶ ሣር ለበሰ። የቀጋዋ ሜዳ እንዲህ ሆና ቀረች፣ የተመራቂ ፎቶ መነሻ።

«ማዘር፣ ይታያል?» አለኝ ጎፈሬው ልጅ።

ጎንበስ አልኩ። አዲሶቹ መሣሪያዎች ምንም አይገለብጡም። ሰማዩ ከላይ፣ ሣሩ ከታች። በሥራ ዘመኔ ማብቂያ ላይ በነዚህ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ወደዚህ ሜዳ አዙሬ ግን አይቼ አላውቅም። አዲሱ መነጽር የሚያስፈራኝ በሌላ በኩል ነው፤ ሁሉ ቀና በሆነበት አንድ ተዘቅዝቆ የሚታይ ሰው እንዳይኖር።

አንዲት ወጣት ሴት ሜዳው መሃል ቆማለች። ጥቁር ረጅም ልብስ ለብሳ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደኔ አድርጋ። መጀመሪያ ያየሁት ጸጉሯን ነው። ሹሩባዋ በትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ነፋሱ ጫፉን ይነካካዋል። ቤዛ ናት።

ሮጣ መጣች፣ ጋዋኗ በጭቃ ተለውሷል። «አክስቴ፣ ስጣራ አልሰማሽም እንዴ? በዚያ ስታይኝ እንዴት ነበርኩ?»

«ቀና ብለሽ» አልኳት። «እጅሽን አንስተሽ፣ እንደሚጣራ ሰው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ምን ብዬ ልንገራት? ይህንኑ ቃል ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚሁ መሬት ላይ፣ ለአንዲት እናት ተናግሬዋለሁ። ያኔም አልዋሸሁም፣ ዛሬም አልዋሸሁም። እውነት ሆኖ የወጣልኝ ግን የዛሬው ነው። «ቆብሽ ተጣሟል» አልኳትና አስተካከልኩላት። ከዚያ ክንዷን አጥብቄ ይዤ ከሜዳው አወጣኋት።